የእናትህ ሳጥን ዛሬም ተከፍቷል

ቦሌ አራብሳ፣ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ፣

ኮሪያ ብርዱ ገብቷል ብለሃልና መጀመሪያ ካፖርትህን ልበስ፤ ሰላምታዬ ከዚያ በኋላ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትቆጣኝ መዋሏ ምስክር ነው። ይህን የምትጽፈው የፊት ለፊታችን ጎረቤት ትርሓስ ናት፤ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ጆሮዬ ስልክ እምቢ ካለኝ ወዲህ ከአንተ ጋር የማወራው በእሷ ጣት ነው። እንደ ወረደ ጻፊ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ።

የላክኸው ዕቃ ደርሷል። መከፈት መዘጋትን የሚያውቀው አንዱ ሴንሰር በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እናትህ ያለ ሰው ደረጃ እንዳትወርድ። ሁለተኛው የልብ መድኃኒቷ ሳጥን ክዳን ላይ ነው፤ ሳትውጥ ውጫለሁ እንዳትል። ሁለቱን የምትሰማው ትንሿ ኮምፒውተር የሲጋራ ፓኮ ታክላለች፤ ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥናት።

አንድ ነገር አሳፍረኸኛል። «መልእክት አቀባዩ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል» ብለህ ስትጽፍ፣ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቶ ተስፋማርያም፣ ልጄ ከኮሪያ ኮንቴይነር ሊልክ ነውና ከብሎኩ ጀርባ ቦታ ይለቀቅልኝ አልኩት። «ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ ጋሽ ላጲሶ?» አለኝ። ትርሓስ ሰምታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ ኮንቴይነሩ እዚያችው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የተዘጋ ክፍል ነው። አቀባዩም የበሩንና የሳጥኑን ወሬ ለስልክህ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው፤ ከነጓዙ እዚያ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሯ ብትበላሽ ከነክፍሉ ተነሥቶ ሌላ ላይ ይሰፍራል። ከመጀመሪያው እንዲህ ብለህ ብትጽፍ ተስፋማርያም ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ኮንቴይነሩ ጉምሩክ ያዘው?» አይለኝም ነበር።

ትርሓስ የላክኸውን ትእዛዝ እያየች ከሰዓቱን ሙሉ ስትተይብ ዋለች። አቀባዩ ሥራ ጀመረ። በሩና ሳጥኑ ሊያናግሩት ሲሞክሩ ግን አልቀበልም አላቸው። ስምና የይለፍ ቃል ካልሰጡት አያስገባም አለች ትርሓስ። እሷ ተናደደች፤ እኔ ደስ አለኝ። ላምበረት መናኸሪያ ተራ ሳስከብር የደብረ ብርሃኑም የደሴውም ሰው መልእክቱን እኔ ዘንድ ይጥል ነበር። ላኪው ሾፌሩን አያውቀውም፤ ሾፌሩ ተቀባዩን አያውቀውም፤ ሁሉንም የማውቅ እኔ ነበርኩ። ማን ነህ፣ ለማን ነው ሳልል ከማንም እጅ አንዲት ፌስታል አልተቀበልኩም። እንግዲህ ይኼ አቀባይህ የእኔን ሥራ ነው የሚሠራ።

ያልወደድኩለት አንድ ነገር አለ። ዋይፋይ ሲቋረጥ ያልደረሰው መልእክት እዚያው ጠፍቶ ይቀራል አለችኝ። ይህ ምን ዓይነት መልእክተኛ ነው? እኔ ተቀባዩ በሳምንቱ ቢመጣ በሳምንቱ አስረክበው ነበር። ፊሊጶስ፣ አቀባይህ እንደ አባትህ ካልሆነ ከቤቴ ይውጣ። አስተካክለው።

አባትህ ላጲሶ

*

ቦሌ አራብሳ፣ እሑድ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፊሊጶስ ልጄ፣

ሥራ ማምሸት አብዝተሃል አሉኝ፤ ዓይንህን ጠብቅ። እዚህ አንተ ከምታውቀው የተለወጠ የለም፤ ውኃ ይመጣል ይሄዳል፣ መብራትም እንደዚያው።

እንዳልከው ተደርጓል። ለአቀባዩ ከኮንቴይነሩ ውጭ ማስቀመጫ ተሰጠው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የያዘውን አይረሳም። አንተም መስመር ላይ ባትኖር መልእክትህን ይዞ እንዲጠብቅህ ትርሓስ አዘዘችው። እኔ ደግሞ ሰው በነገረኝ ብቻ አላምንም። ዋይፋዩን ነቀልኩና በሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ እንደገና በሩን። ከምሳ በኋላ መልሼ ስሰካው ሁሉም በየተራው ደረሰኝ ብለህ ጻፍክ። አንዱም አልጎደለም፤ አንዱም ከአንዱ አልቀደመም። አሁን ሰው ሆነ። ቤቴ ይቀመጥ።

እናትህ ግን ጠላት አድርጋዋለች። ማክሰኞ እኔ ስተኛ ጠብቃ፣ ነጠላዋን ደርባ ልትወጣ በሩን ከፈተች። አንደኛ ፎቅ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸ፤ አንተ ነህ። ተመልሳ መጥታ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ።

«ላጲሶ፣ ልጅህ ዘበኛ አቆመብኝ።»

«ልጅሽም ነው» አልኳት።

«የእኔ ልጅ ቢሆን እናቱን አይሰልልም። አንተን ነው የመሰለ።»

«ወዴት ልትሄጂ ነበር?»

«ጎመን ልገዛ።»

«ጎመን እኮ ቤት አለ።»

«እሱ ጎመን ነው?»

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ስትከፍት «እየኝ እንግዲህ፣ ዋጥኩ» ትለዋለች፤ ሳጥኑን። የሚሰማ መስሏት ነው። አይሰማም ብላት አላመነችኝም።

ስታናግራት ትንፋሿ ለምን ይቆራረጣል ላልከው፣ ደረጃው ነው። ሐኪም ቤት ስንት ቀን አደረች ላልከው፣ ማን እንደነገረህ ስጠይቅ ትርሓስ አቀረቀረች። ብዙ አላደረችም። ተመልሳለች። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ላምበረት ሳለሁ ያላደረስኩት መልእክት እንዳለ ጠይቀኸኛል፤ በመቀለድ ነው። እኔ ግን የምሬን እመልስልሃለሁ። አለ፤ መርዶ። ከአገር ቤት የመጣ ሾፌር «ጋሽ ላጲሶ፣ ለእገሌ አባቱ ሞተ በለው» ሲለኝ፣ ሰውየው ፊቴ ትኬት ሊቆርጥ ቆሞ እንኳ ቢሆን አልነግረውም። ለዘመዶቹ እልካለሁ፤ ሊነጋ ሲል ቤቱ ሄደው፣ ቆመው፣ ይዘውት ይነግሩታል። ሰው ያለ ሰው መርዶ አይሰማም። ሌላውን ሁሉ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር አድርሻለሁ። አንድ ቃል የለወጥኩበት ሰው ካለ ይምጣና ይክሰሰኝ።

አባትህ

*

ቦሌ አራብሳ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ዝም ብለን መክረማችን አስቆጥቶሃል፤ መቆጣትህ ልክ ነው። ዋይፋዩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ለምን ላልከው፣ ቤቱም ሶኬቱም የእኔ ነው። ያለፈው ሰኞ ጠዋት መልሼ ሰክቼዋለሁ። ትርሓስ ስልክህን ያላነሣችው እኔ አታንሺ ብያት ነው፤ እሷን አትውቀሳት።

እናትህን አገናኙኝ ብለሃል። ድምጿ ዘግቷል። ሐኪሙ እንዳትናገር ከልክሏታል። ፊቷን በስልክ አሳዩኝ ላልከው ደግሞ፣ ታማ ፊቷን ለማንም እንደማታሳይ አንተም ታውቃለህ። ሳጥኑን አታይም? ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ ይከፈታል። ካመንከኝ እመነኝ፤ እኔን ካላመንክ አቀባይህን እመን።

ትርሓስ ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ አልጽፍም ብላኝ ነበር። ጻፊ አልኳት። «ጋሽ ላጲሶ፣ እኔ ይኼን...» አለችና ተወችው። ጻፊ አልኳት። እየጻፈች ነው።

ይልቅ አንተ ያለህበት አካባቢ የአገር ሰው ማን ማን አለ? ባለፈው በዓል ቤቱ ጠርቶ ያበላህ፣ ትልቅ ሰው ነው ያልከኝ፣ ስሙ ማን ነበር? አድራሻውን ላክልኝ። እንዲያው ለማወቅ ነው። ሽማግሌ ስለ ልጁ ጎረቤት ቢጠይቅ ምን ያስገርማል?

አትክሳ። ምሳ አትዝለል።

አባትህ

*

ቦሌ አራብሳ፣ እሑድ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አክሊሉ፣ ቡሳን፣

አያውቁኝም። ኡልሳን የሚሠራው የፊሊጶስ አባት ላጲሶ ነኝ። በበዓል ቤትዎ ጠርተው ዶሮ ያበሉት ልጅ ነው፤ ለዚያ ጉርሻ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንበብና መጻፍ አልተማርኩም፤ ይህን ጎረቤቴ ናት የምትጽፍልኝ። ልመና አልለመድኩም፤ አሁን ግን እለምንዎታለሁ።

ባለቤቴ የሺአረግ ማክሰኞ ኅዳር 2 አርፋለች። ፊሊጶስ አልሰማም። ሌላ ልጅ የለንም። ብነግረው ትኬት ቆርጦ ይመጣል ይሉኛል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ነው፣ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ይህንንም ትቼዋለሁ። የሚያስፈራኝ ብቻውን መስማቱ ነው። አንዲት ክፍል አለችው፤ የጎረቤቱን ቋንቋ አያውቅም። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ግድግዳ እያየ፣ ማንም ትከሻውን ሳይዝለት እናትህ ሞተች ሊባል? በምድር ላይ ያለኝ እሱ ነው።

ስለዚህ እርስዎ የአገር ሰው ይሰብስቡልኝ። ሦስትም አራትም ይሁኑ፤ አንዲት ሴት ብትኖርበት ደስ ይለኛል፤ እናቱ ሴት ነበረችና። ሊነጋ ሲል ደጁን አንኳኩ። ቁጭ ብሎ እንዲሰማ አታድርጉት፤ ቆሞ፣ በሁለት ወገን ይዛችሁት። ሦስት ቀን ብቻውን አትተውት። የሚበላም ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤቱ ምንም እንደማይኖር አልጠራጠርም።

እስከዚያ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። እናቱ ያለች እንዲመስለው የመድኃኒቷን ሳጥን በየጠዋቱ እከፍታለሁ፤ ሲከፈት መልእክት ይሄድለታል። የብሎኩን ሰው ሁሉ አፍ አስዘግቻለሁ፤ ፌስቡክ ላይ ሻማ የሚለጥፍ ቢኖር ቤቴ እንዳይረግጥ ብያለሁ። ግን ሽማግሌ ነኝ፤ አንድ ቀን እረሳለሁ። አያዘግዩብኝ።

ላጲሶ

*

ቦሌ አራብሳ፣ እሑድ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፊሊጶስ፣

ሐሙስ ሳጥኑ እስከ ምሳ አልተከፈተም ብለህ ትርሓስን ከቢሮዋ ከቦሌ አስመጣሃት። ታክሲ ይዛ፣ ደረጃውን እየሮጠች፣ በሬን ልትሰብር ምንም አልቀራት። ምን ሆነሃል? ጉልበቴ ይዞኝ ከአልጋ ዘግይቼ ተነሣሁ። እናትህ ደግሞ... መድኃኒቷን ያን ቀን ከሳጥኑ ሳይሆን ከብልቃጡ ወሰደች። ይኸው ነው።

ያልገባኝ ሌላው ነው። ድሮ ስለ እሷ ትጠይቀኝ ነበር። አሁን ደብዳቤህ ሁሉ ስለ እኔ ነው። በሉ ወይ፣ ጉልበትዎን ታሹ ወይ፣ ማን ያበስላል፣ ማታ ብርድ ልብስ ይደርባሉ ወይ። እበላለሁ። የፎቁ ሴቶች በየተራ ሳህን ይዘው ይመጣሉ። ለምን ሳህን ያመጣሉ አትበለኝ፤ እናትህ ታማለች ብዬሃለሁ።

የሰጠኸኝ አቶ አክሊሉ መልካም ሰው ይመስላል። ለሰላምታ ጻፍኩለት። ባሕር ላይ ነው የሚሠራው፤ ከመርከብ ሲወርድ እመልሳለሁ ብሎኛል።

ጥርስህን ታከም። ማቆየት አይበጅም።

አባትህ

*

ኡልሳን፣ እሑድ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትርሓስዬ፣ ይህን ለአባቴ ስታነቢላቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ። አቶ ተስፋማርያምን ጥሪያቸው።

አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ትርሓስ በላከችልኝ ፎቶ አየሁት፤ አብጧል። ቅባቱን አይርሱ።

ላምበረት ሳሉ ሰው ሲዋሽዎት ከድምፁ እንደሚያውቁ ይነግሩኝ ነበር። እኔ የእርስዎን ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት በሩን ነው።

መልእክት አይጥፋ ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ባልኖር እንኳ ይዞ ይጠብቀኝ ብለው ከቤቴ ይውጣ እስከ ማለት የደረሱት እርስዎ ነዎት። ዋይፋዩን ሲነቅሉ ወሬው እዚያው የሚቀር መስሎዎት ነበር። ኮምፒውተሯን ግን አልነቀሏትም፤ አቀባዩ ኮንቴይነሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲሰማ፣ ሲያስቀምጥ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት ሲሰኩት የያዘውን ሁሉ በየተራው አስረከበኝ። አልቀነሰም፣ አልጨመረም። ልክ እንደ እርስዎ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተከፈተ ይላል። የመድኃኒቱ ሳጥን አልተከፈተም። በሩ ተዘጋ የሚል ፈለግሁ፤ የለም። ማክሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም፣ ሐሙስ የለም። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው እንዳልል፣ ዓርብ ሲመሽ ደህና አድርጎ ተዘጋ አለኝ። እዚህ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቢያየው ሌባ ገብቷል ይል ነበር። እኔ ግን የእኛ ሰው ቀንና ሌሊት በሩን ከፍቶ የሚተወው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ስንት ቤት ከእማዬ ጋር ገብቻለሁ፤ ነጠላዋን ይዤ።

ከዚያ ሳጥኑ መከፈት ጀመረ። እማዬ ስትከፍተው ክኒኗን ትፈልጋለች፣ ከእሱ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ውኃ ልታመጣ ትሄዳለች፤ ሳጥኑ አፉን ከፍቶ ይቆያታል። ይኼኛው ግን ተከፈተ ሲል ወዲያው ተዘጋ ይላል። ጣትዎን አየሁት አባዬ።

ለምን ዝም አልክ ይሉኛል። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር አባቴ ዛሬም ተነሥተዋል እያልኩ ሥራ እገባ ነበር። ማወቄን ካወቁ መክፈቱን ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። ሐሙስ የጮኽኩት ለእርስዎ ነው።

የአገር ሰው ማን አለ ብለው ሲጠይቁኝም ምን እንደፈለጉ ገብቶኛል። ሰፈሬ ያሉ ልጆች ነበሩ፤ አቶ አክሊሉን የሰጠሁዎ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ነው።

ግን አልቻልኩም አባዬ። አላለቀስኩም። ማንም ሳይነግረኝ እንዴት ብዬ ላልቅስ? ምሳ ሰዓት ከሰዎች ጋር እስቃለሁ። ያወቅሁት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤ አይወርድም፣ አይወጣም። እባክዎ ያስነግሩኝ።

ልጅዎ ፊሊጶስ

*

ቦሌ አራብሳ፣ እሑድ ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ፣

ደብዳቤህን ትርሓስ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አጠገባቸው ሰው ይኑር ብለሃል፤ እኔ ሰው አላስፈለገኝም። ተስፋማርያም ግን መጥቶ እስኪመሽ አጠገቤ ቁጭ አለ። ስለ ኮንቴይነሩም አላነሣብኝም።

የጠየቅኸኝን አልነግርህም። እንዲህ ብዬ በመጻፌ ይህን ደብዳቤ መርዶ አድርገህ እንዳትቆጥረው። ታውቃለህ፤ ነገር ግን አልተነገረህም። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ያንተም ጉሮሮ ይኸው ይመሰክራል። መርዶ ነጋሪ አይቀደምም፤ ይነገርህና ያን ጊዜ ስማ።

ላምበረት አንድ ቃል አልለወጥኩም ብዬህ ነበር። ለሰው አልለወጥኩም። ለአንተ ለወጥኩ። ይቅርታ አልልህም፤ ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። አቀባዩ እንደ እኔ እንዲሆን አዝዤ፣ እንደ እኔ ሲሆንብኝ ልቆጣውም አልችልም። ትርሓስ እንንቀለው ወይ ብላኛለች። ምን አጠፋ? ይቀመጥ።

በየጠዋቱ ሳጥኑን ስከፍት «እየኝ እንግዲህ» እለው ነበር፤ እሷ ትለው እንደነበረው። አይሰማም እያልኩ የምነዘንዛት እኔ ነበርኩ። ለካስ ይሰማ ነበር፤ ሰሚው አንተ ነበርክ። ከነገ ጀምሮ አልከፍተውም። ባዶ ሳጥን ሲከፈት አትይ። እኔ መነሣቴን ማወቅ ከፈለግህ በሩን ተመልከት፤ ጠዋት ተከፍቶ የሚዘጋው እኔ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነው። ቶሎ ባልመለስ አትጩህ፤ ደረጃው ላይ አርፌ ነው።

አቶ አክሊሉ ከመርከብ ወርዷል። የሚመጣው እሑድ ሊነጋ ሲል ደጅህን ያንኳኳሉ። አራት ናቸው፤ አንዲት ኣምለሰት የምትባል ሴትም አለችበት። ቅዳሜ ማታ ቤትህን ጥረግ፤ ወንበር ከሌለህ ተበደር። ስታውቅ እንደማያውቅ ሆነህ ክፈትላቸው፤ ለእነሱም ከባድ ነው። ቆመህ ስማቸው። ሲይዙህ አትግፋቸው። ያኔ የቆመው ይወርዳል።

አንድ ነገር ልታደርግልኝ ይገባል፤ ትርሓስ ይቻላል ብላኛለች። አንተም በርህ ላይ እንደኛው ያለ ሴንሰር ለጥፍ። መልእክቱ እዚህ ለእኛ አቀባይ ይምጣ። እሷ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጎን አንዲት አምፖል ታደርግልኛለች፤ የአንተ በር ክፍት ሲሆን የምትበራ፣ ሲዘጋ የምትጠፋ። ማንበብ አልችልም፤ መስማትም እያቃተኝ ነው። መብራት ግን ገና አያለሁ።

ብርድ ነው ብለህ በሩን እንዳትዘጋ። እዚያ ማን እንደመጣ፣ ማን አብሮህ እንዳደረ የሚነግረኝ የለም። እሑድ እናትህ ትተኛበት በነበረው የአልጋው ወገን ላይ ቁጭ እላለሁ፤ አምፖሏ ከዚያ ትታያለች። ሦስት ቀን ሳትጠፋ ካየኋት፣ ልጄ ብቻውን አልሆነም ብዬ ያኔ እኔም እተኛለሁ።

አባትህ ላጲሶ